ባትሪው ሲያሳስት በጉ ያከስራል
ከማዕከላዊ ገበያ የእጅ ባትሪ ሲገዛ ምን መታየት አለበት?

ከኢትዮጵያ የመጣ የእንስሳት ነጋዴ በጅቡቲ ከተማ ማዕከላዊ ገበያ ገብቶ «ባትሪ አለ?» ብሎ ቢጠይቅ ባለሱቁ ድንጋይ ሊያወጣለት ይችላል። በአማርኛ ባትሪ ሲባል መብራቱም ነው፤ እዚህ ግን መብራቱ በፈረንሳይኛ «ቶርሽ»፣ በሶማልኛ «ቶሽ» ነው። ቃሉን ማስተካከል ቀላል ነው። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ ጠረጴዛ ላይ ከሚደረደሩት፣ ሁሉም «የማይሰበር»፣ ሁሉም «ውኃ የማያስገባ»፣ ሁሉም ብዙ ሺህ ሉመን ከተጻፈባቸው መካከል ለሥራው የሚሆነውን መለየት።

ለእንስሳት ነጋዴ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። በዚህ መስመር ሙቀቱን ለመሸሽ ብዙ ጊዜ የሚጫነው ምሽት ነው፣ የሚራገፈውም ሌሊት ወይም ሊነጋጋ ሲል ነው። ስለዚህ የበጉ ጥርስ፣ የፍየሉ ዓይን፣ የወይፈኑ አፍ የሚታየው በባትሪ ብርሃን ነው። ባትሪው በደንብ ካላሳየ የታመመው ከጤነኛው ጋር ይጫናል።

አንድ በግ ምን ያህል ያስከፍላል?

በ2000 እ.ኤ.አ. የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ከተነሣ በኋላ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ የቁም እንስሳ መቀበል ማቆማቸውን የቆየ ነጋዴ አይረሳውም። ከከተማው ወደ ሎያዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የዳመርጆግ ኳራንቲን በ2006 ሥራ የጀመረው ያንን ገበያ መልሶ ለመክፈት ነው። ኳራንቲን ማለት ደግሞ ማጣሪያ ነው። እዚያ የሚወድቅ እንስሳ የግዢው ዋጋ፣ የጭነቱ፣ የመኖና የውኃው ወጪ ሁሉ በላዩ ላይ ተጨምሮበት ነው የሚወድቀው። በሽታው የሚተላለፍ ከሆነ ደግሞ አብሮት የመጣው መንጋም ይያዛል።

ሁሉም በሽታ በዓይን አይታይም። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትና ብሩሴሎሲስ የሚረጋገጡት በደም ምርመራ ነው፤ ለዚያ ባትሪም ሆነ የነጋዴ ዓይን አይበቃም። በዓይን የሚታየው ግን ጥቂት አይደለም። የአፍና እግር በሽታ በምላስና በድድ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል። ደስታ መሰል የሚባለው የበግና የፍየል በሽታ አፍን ያቆስላል፣ ከዓይንና ከአፍንጫ ፈሳሽ ያስወርዳል። ፈንጣጣ ጠጉር በሌለበት ቆዳ ላይ እባጭ ሆኖ ይታያል። ዕድሜም የሚለየው በጥርስ ነው፤ የበግና የፍየል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቋሚ ጥርሶች የሚወጡት ባብዛኛው ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ለዐረፋ መሥዋዕት ፍየል አንድ ዓመት መሙላት ስላለበት፣ በጨለማ የወተት ጥርስን ከቋሚ ጥርስ ማሳሳት ገዢን ያሳጣል።

ቀይን ቀይ አድርጎ የማያሳይ መብራት

ብዙ ሰው ባትሪ ሲገዛ የሚጠይቀው «ምን ያህል ያበራል?» ብሎ ነው። የእንስሳት ነጋዴ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ምን ዓይነት ቀለም ያሳያል?» የሚለውን ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የደም ማነስ የሚታወቀው የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልበጥ አድርጎ ውስጡን በማየት ነው፤ ጤነኛው ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ፣ ደም መጣጭ የጨጓራ ትል የጨረሰው ደግሞ የገረጣ ይሆናል። በደቡብ አፍሪካ የተሠራው ፋማቻ የተባለው ካርድ ይህንን ከ1 እስከ 5 ደረጃ ሰጥቶ በቀለም ያሳያል፤ 1 ቀይ፣ 5 ነጭ ማለት ይቻላል። ካርዱን የሚያሠለጥኑ ባለሙያዎች ምርመራው በቀን ብርሃን እንዲሆን ያዝዛሉ። ሌሊት ለሚገዛ ነጋዴ ይህ ሁልጊዜ አይመችም።

ርካሽ ኤልኢዲ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ብርሃን ነው የሚሰጠው። በዚያ ብርሃን ጤነኛ ድድ የገረጣ ይመስላል፤ በእውነት የገረጣው ደግሞ ከጤነኛው አይለይም። ቢጫነትም ይጠፋል። ብርሃን ቀለምን ምን ያህል በእውነተኛ መልኩ እንደሚያሳይ የሚለካው «ሲአርአይ» በሚባል፣ እስከ 100 በሚደርስ መለኪያ ነው። ተራ የባትሪ ኤልኢዲ 70 አካባቢ ሲሆን ለምርመራ የሚመረጠው 90 እና ከዚያ በላይ ነው። ካርቶኑ ላይ በኬልቪን የተጻፈ ቁጥር ካለ ደግሞ ከ4000 እስከ 5000 ያለው ይሻላል፤ 6500 እና ከዚያ በላይ ያለው ሰማያዊው ነው።

ካርቶኑ ምንም ካልጻፈስ? ገበያው ራሱ መመዘኛ ነው። ጥቂት ራመድ ብሎ ሥጋ፣ ቲማቲም ወይም ቀይ በርበሬ አይጠፋም። በጥላ ውስጥ ባትሪውን አብርቶበት፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ አውጥቶ ማወዳደር ነው። ቀዩ በባትሪው ብርሃን ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ ከመሰለ ያ ባትሪ ለመንገድ እንጂ ለምርመራ አይሆንም። የራስን መዳፍ ማየትም ይበቃል።

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር

«10,000 ሉመን፣ 10 ሰዓት» የሚል ካርቶን ሲታይ ባለሱቁን መጨቃጨቅ አያስፈልግም፤ ሒሳቡ ይበቃል። በእጅ ባትሪ ውስጥ በብዛት የሚገባው 18650 የተባለው ሊቲየም ድንጋይ ነው፤ ስሙ መጠኑ ነው፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት። ጥሩው 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ በ3.6 ቮልት ሲባዛ 12.6 ዋት ሰዓት ይሆናል። ጥሩ ኤልኢዲ ከአንድ ዋት 100 ሉመን ገደማ ያወጣል ቢባል፣ ያ ድንጋይ 1,000 ሉመን የሚሰጠው ለአንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ ነው። በ100 ሉመን ግን ሌሊቱን ሙሉ፣ 12 ሰዓት ያህል ያበራል።

መልካሙ ዜና አፍና ዓይን ለማየት 100 ሉመን በቂ መሆኑ ነው። በቅርብ ከዚያ በላይ የሆነ ብርሃን ነጸብራቅ ፈጥሮ ቁስሉን ይሸፍናል። ስለዚህ የሚፈለገው ዝቅተኛና መካከለኛ ደረጃ ያለው፣ ብርሃኑ ሰፋ ብሎ የሚበተን ባትሪ ነው። ከፍተኛው ደረጃ ግቢ ለመቃኘትና የጠፋ እንስሳ ለመፈለግ ብቻ ይጠቅማል።

የታወቁ አምራቾች «አንሲ ኤፍኤል 1» የሚባለውን፣ በ2009 የወጣውን መለኪያ ይጠቀማሉ። ምልክቱ ያለበት ካርቶን ከሌለበት ይሻላል፤ ግን እርሱም በጥንቃቄ ይነበባል። የሥራ ሰዓት የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ነው። «200 ሜትር ያበራል» ማለት ደግሞ በዚያ ርቀት የሙሉ ጨረቃን ያህል ብርሃን ያደርሳል ማለት ነው። በጨረቃ ጥርስ አይቆጠርም።

አቧራ፣ ጨውና ሙቀት

ጥንካሬ በጅቡቲ የራሱ ትርጉም አለው። በበጋ የሚነፍሰው ኻምሲን አቧራ ያመጣል፣ ባሕሩ ጨው ያመጣል፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

«አይፒ» በሚለው ኮድ የመጀመሪያው አኃዝ ስለ አቧራ፣ ሁለተኛው ስለ ውኃ ይናገራል። አይፒ68 አቧራ ጨርሶ አያስገባም፣ ከ1 ሜትር በሚጠልቅ ውኃም ይችላል። በመጀመሪያው አኃዝ ቦታ የኤክስ ፊደል ከገባ ግን ባትሪው ለአቧራ አልተፈተነም ማለት ነው። ለዝናብ አገር ይህ አያሳስብ ይሆናል፤ ለበረት ሰው ግን ያሳስባል። የውኃው ነገርም ሌላ ጥቅም አለው። ከአንድ በረት ወደ ሌላው ሲታለፍ ምራቅና ፋንድያ የነካው ባትሪ በሽታ ይዞ ይሄዳል፤ በሳሙናና በውኃ የማይታጠብ ባትሪ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሰውነቱ አሉሚኒየም ይሁን፤ ሙቀትን ወደ ውጭ ያወጣል። ፕላስቲኩ ይቀላል፣ ግን ሙቀቱን ያፍናል። ክዳኑ ሲፈታ ጥርሱ ላይ ጥቁር የጎማ ቀለበት መኖር አለበት፤ ቀለበቱ ከሌለ «ውኃ የማያስገባ» የሚለው ጽሑፍ ብቻ ነው። በድንጋዩ ሁለቱም ጫፍ ሞላ ያለው መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ አይጠፋም። የሚሞላበት ቀዳዳ ታይፕ ሲ ሆኖ ጥብቅ የጎማ ክዳን ቢኖረው ጥሩ ነው። ከኪስ ውስጥ በራሱ እንዳይበራ በቁልፍ የሚዘጋ ወይም የኋላ ክዳኑን ሩብ ዙር ላላ በማድረግ የሚጠፋ ይመረጣል።

የሞላ ድንጋይን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ መተው ዕድሜውን መቁረጥ ነው። አብዛኛው ሊቲየም ድንጋይ ከ45 ዲግሪ በላይ ሙቀት ውስጥ መሞላት የለበትም፤ ስለዚህ ከምሽት በኋላ መሙላት ይሻላል። የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ ባብዛኛው 24 ቮልት መሆኑም አይዘነጋ፤ ቻርጀሩ «12-24» የሚል ካልተጻፈበት ይቃጠላል።

ድንጋዩ ሲገዛ

የታሸገና የማይወጣ ድንጋይ ያለው ባትሪ፣ ድንጋዩ ሲደክም ሙሉ በሙሉ ይጣላል። የሚወጣ ድንጋይ ያለው ግን ይታደሳል። በ18650 መጠን «9,900» የሚል ድንጋይ ሐሰት ነው፤ በዚያ መጠን ያን ያህል የሚይዝ የለም። እውነተኛው 45 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በእጅ ሲያዝ ከቀለለ የቀለለው ውስጡ ነው። መለዋወጫውን ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር ኪስ ውስጥ መክተት እሳት ያስነሣል፤ በፕላስቲክ ማኅደር ይቀመጥ። ወደ ጅዳ ወይም ወደ ዱባይ የሚበር ነጋዴ ትርፍ ድንጋዩን በሻንጣ ሳይሆን በእጁ ይያዝ፤ የአውሮፕላን ሕግ ነው።

በሚሌና ጋላፊ፣ ወይም በድሬዳዋና ደወሌ መስመር ላይ ሊቲየም ድንጋይ ማግኘት ይከብዳል፤ ተራው ትንሹ ድንጋይ ግን በየኪዮስኩ አይጠፋም። ስለዚህ ሁለት መያዝ ያዋጣል፦ ዋናው የሚሞላ፣ ተጠባባቂው በትንሹ ድንጋይ የሚሠራ። ተጠባባቂው ሳይሠራ ሲቀመጥ ድንጋዩ ወጥቶ ይቀመጥ፤ ካረጀ ያፈስሳል፣ ባትሪውንም ይበላል።

ዋጋው በሌሊት ሲካፈል

የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ በ177.72 ሒሳብ ከዶላር ጋር ስለታሰረ ዋጋ ማወዳደር አያስቸግርም። ለምሳሌ ያህል 1,000 ፍራንክ የተገዛ ባትሪ በየሁለት ወሩ ቢሞት በሁለት ዓመት 12,000 ፍራንክ ይበላል። 5,000 ፍራንክ፣ ማለትም 28 ዶላር ገደማ የወጣበት ሁለቱን ዓመት ቢዘልቅ ከግማሽ በታች ያስወጣል። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ግን ትልቁ ወጪ ገና አልገባም፦ ርካሹ ባትሪ ሳያሳይ ያሳለፈው የታመመ በግ። አንድ በግ ብቻ ቢወድቅ የብዙ ባትሪ ዋጋ ይዞ ይወድቃል።

አጠቃቀሙ

ጥሩ ባትሪም በክፉ እጅ ይጎዳል። ብርሃን ዓይኑ ላይ የተተኮሰበት በሬ ይቆማል ወይም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ወደ መኪናው ወለል ውስጥ ሲበራ ግን ወደ ብርሃኑ ይገባል። የበግ፣ የፍየልና የከብት ዓይን በጨለማ ብርሃንን ስለሚመልስ መንጋን ከሩቅ በዝቅተኛ ብርሃን መቃኘት ይቻላል። አፍ ለመክፈት ሁለት እጅ ስለሚያስፈልግ በግንባር የሚታሰር ወይም ኮፍያ ላይ የሚሰካ መያዣ ያለው ባትሪ የአንድ ረዳት ያህል ይሠራል።

ሱቁ ውስጥ፣ ከመክፈል በፊት

• የኋላ ክዳኑን ፈትቶ የጎማ ቀለበቱንና ሞላውን ማየት።
• ዝቅተኛ ደረጃ እንዳለው መሞከር፤ ከፍተኛ ብቻ ያለው ይቅር።
• በቀይ ነገርና በመዳፍ ላይ አብርቶ ከፀሐይ ብርሃን ጋር ማወዳደር።
• በከፍተኛው ደረጃ አምስት ደቂቃ አብርቶ መያዝ፤ እጅ የሚያቃጥል ወይም ቶሎ የሚፈዝ ከሆነ መተው።
• መዳፍ ላይ መታ መታ ማድረግ፤ ብልጭ ድርግም ካለ መንገዱ ላይ ይጠፋል።
• ድንጋዩን አውጥቶ መመዘን፣ የተጻፈበትንም ማንበብ።

ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በማዕከላዊ ገበያ ሱቆች ለቀትር ሙቀት ዘግተው አመሻሹ ላይ ሲከፍቱ፣ ባለሱቁም አይቸኩልም፣ ውስጡም ጨለም ይላል፤ ባትሪ የሚፈተነው ያኔ ነው። በዚያ ሩብ ሰዓት ያልታየ ጉድለት ዳመርጆግ ሲደረስ በሌላ ሰው ዓይን ይታያል፤ ያኔ የሚከፈለው በበግ ነው።