በዛፍ ሥር የሚግጡ ፈረሶች፦ የኒው ፎረስት የግጦሽ ሥርዓት

ፈረስ በተፈጥሮው የሜዳ እንስሳ ነው፤ አደጋን ከሩቅ አይቶ በሩጫ ለማምለጥ የሚያስችል እግር፣ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት እየነጨ ለመዋል የሚስማማ ሆድ ተሰጥቶታል። ሆኖም በበርካታ የአውሮፓ አገሮች ፈረሶች የሚሰማሩት ገላጣ ሜዳ ላይ ብቻ ሳይሆን ሣር፣ ቁጥቋጦና ታላላቅ ዛፎች ተደባልቀው በሚገኙበት መሬት ላይ ጭምር ነው። እንዲህ ያለው መሬት ጥቅጥቅ ያለ ደንም የተመነጠረ መስክም አይደለም፤ ከሁለቱ መካከል ሆኖ፣ እንስሳቱ ራሳቸው ቡቃያውን እየበሉ እንዳይደፈን ሲጠብቁት የኖሩት፣ ዛፍ ያለበት ግጦሽ ነው። ዛፉ ለፈረሱ የሚሰጠው ጥቅም ብዙ ማስረጃ አያሻውም፤ በሙቀቱ ወራት ጥላ፣ በብርዱ ወራት ከነፋስና ከዝናብ መጠጊያ፣ ሣር ሲያጥርም ቅጠልና ለጋ ቅርንጫፍ ይሆነዋል። ያው ዛፍ ግን በዓመት ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ፈረሱን ሊገድል የሚችል ፍሬ ወይም ዘር ያረግፋል። ከዚህ የተነሣ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ፈረስን በደኅና ማቆየት ከአጥር ጥንካሬ ይልቅ ወቅትን በማወቅና በየዕለቱ በማየት ላይ የቆመ ሥራ ነው፤ ይህም ሥራ በተቋም ደረጃ ተደራጅቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ በደቡብ እንግሊዝ፣ በሃምፕሻየር የሚገኘው ኒው ፎረስት ነው።

ኒው ፎረስት በንጉሥ ዊልያም ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1079 ገደማ፣ ለንጉሡ አደን ተከልሎ የተያዘ መሬት ነበር። አጋዘኖቹ እንደ ልብ እንዲዘዋወሩ ሲባል የአካባቢው ገበሬ ማሳውን እንዳያጥር ስለተከለከለ፣ በምትኩ ከብቱንና ፈረሱን በንጉሡ ደን ውስጥ የማሰማራት መብት ተጠብቆለት ቆየ። ይህ የጋራ ግጦሽ መብት እስከ ዛሬ የጸና ሲሆን፣ የሚከተለው ሰውን ሳይሆን ይዞታን ነው፤ መብቱ ያለበትን ቤት ወይም መሬት የገዛ ወይም የተከራየ ሰው ባለመብት ይሆናል፣ ሲለቅም መብቱ ከይዞታው ጋር ይቀራል። በዚህ መብት ወደ 5 ሺህ የሚደርሱ ፈረሶች፣ ከእነርሱም ጋር በሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶች፣ አጥር በሌለው መሬት ላይ ይሰማራሉ። ፈረሶቹ ፖኒ ከሚባለው የትናንሽ ፈረሶች ወገን ሲሆኑ ቁመታቸው ከ148 ሴንቲ ሜትር እንዲበልጥ አይፈቀድም። ብዙ ጎብኚ የዱር ፈረሶች ይመስሉታል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ባለቤት ያለው፣ በቆዳው ላይም የባለቤቱ ምልክት በጋለ ብረት የተተኮሰ የቤት እንስሳ ነው።

መሬቱን የሚመለከተውን ጉዳይ የሚዳኘው ቨርደረሮች የሚባሉት ሹማምንት ጉባኤ ነው። ጉባኤው ከመካከለኛው ዘመን የደን ፍርድ ቤት የወረደ ቢሆንም የዛሬውን መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1877 በወጣው ሕግ ሲሆን፣ ከ10 አባላቱ 5ቱ በባለመብቶቹ ይመረጣሉ፣ የቀሩት ደግሞ በንጉሡና በተለያዩ የመንግሥት አካላት ይሾማሉ። መቀመጫውም ሊንድኸርስት በምትባለው ከተማ ነው። የጉባኤው ዓይንና እጅ የሚሆኑት ግን አጂስተሮች የሚባሉት 5 ተቀጣሪ ጠባቂዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የተመደበላቸውን ክልል በፈረስና በመኪና እየዞሩ የከሳውን፣ ያነከሰውን፣ በረግረግ የተያዘውን ወይም በመኪና የተገጨውን እንስሳ ይከታተላሉ፣ ባለቤቱንም ይጠራሉ። እንስሳው መሬቱ ላይ መቆየት የማይገባው ሆኖ ሲገኝም ከደኑ እንዲወጣ የማዘዝ ሥልጣን አለ፤ የሥርዓቱ ጥርስ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ያለዚህ ሥልጣን ምክርና ክትትል ብቻውን ብዙ ርቀት አይሄድም።

በየዓመቱ ከበጋው ማብቂያ ጀምሮ እስከ ኅዳር ገደማ ባሉት ሳምንታት ባለመብቶቹና አጂስተሮቹ በአንድነት ፈረሶቹን እያሳደዱ ከእንጨት ወደ ተሠሩ በረቶች ያስገባሉ። በበረቱ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ፈጣን ነው። ፈረሱ በጠባብ መተላለፊያ ሲገባ ጠባቂው ከኋላው ቀርቦ የጭራውን ፀጉር በመቀስ ይቆርጣል፤ አንዱ አጂስተር ጭራውን አንድ ጊዜ፣ ሌላው በደረጃ መልክ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ስለሚቆርጠው፣ የተቆረጠው ቅርጽ ለዓመቱ የሚገባው ክፍያ መፈጸሙንና ፈረሱ የየትኛው ክልል ባለመብት እንደሆነ ከሩቅ ያሳያል። በዚያው ጊዜ የጥገኛ ትላትል መድኃኒት ይሰጠዋል፣ በሌሊት የመኪና መብራት የሚመልስ አንጸባራቂ ማሰሪያ በአንገቱ ይደረግለታል፣ የዓመቱ ውርንጭላ ከእናቱ ተለይቶ የሚሸጥ ወይም የሚቀር መሆኑም ይወሰናል። ለክረምቱ ብርድ አቅም የሌላት የከሳች ባዝራ ወደ ባለቤቷ መስክ የምትመለሰውም በዚሁ ጊዜ ነው።

ይህ ሥራ ከአደገኛው ወቅት ጋር ይገጥማል፤ በመጸው ወራት የኦክ ዛፍ ፍሬውን ያረግፋልና። የኦክ ፍሬ፣ በተለይም ገና አረንጓዴ ሳለ የወደቀው፣ ታኒን የሚባል ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግል መራራ ንጥረ ነገር በብዛት ይዟል። ታኒኑ በሆድ ውስጥ ሲፈራርስ የሚወጡት ውህዶች የአንጀትን ግድግዳ ያቆስላሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ፤ ፈረሱ መብላት ይተዋል፣ ሆዱ ይቆርጠዋል፣ አንጀቱ ይደርቃል ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይይዘዋል። ጥቂት ፍሬ የሚበላ ፈረስ ሁሉ አይታመምም፤ ችግሩ የሚከፋው ሣር ባጠረበትና ፍሬው በበዛበት ዓመት ሲሆን፣ አንዳንድ ፈረስ ደግሞ ፍሬውን ለይቶ እየፈለገ የመብላት አመል ያወጣል። ኦክ በየጥቂት ዓመቱ ከወትሮው እጅግ የበዛ ፍሬ የማፍራት ጠባይ ስላለው አደጋው ከዓመት ዓመት አንድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እንዲህ ያለ ዓመት ገጥሞ በኒው ፎረስት በርካታ ፈረሶችና ከብቶች ሞተዋል።

የአካባቢው መፍትሔ አሳማ ነው። ፓነጅ በሚባለው ጥንታዊ መብት መሠረት ባለመብቶች በመጸው አሳማዎቻቸውን ወደ ደኑ ይለቃሉ፤ አሳማ የኦክን ፍሬ ያለ ብዙ ጉዳት ስለሚችለው፣ እንዲያውም ስለሚሰባበት፣ ፈረሱ ከመድረሱ በፊት መሬቱን ያጸዳል። የሚለቀቁበት ቀን በቋሚነት የተወሰነ አይደለም፤ የፍሬው አወዳደቅ ታይቶ በየዓመቱ ይቆረጣል፣ ጊዜውም በልማድ ከ60 ቀን አያንስም፣ ፍሬው ገና ካላለቀ ይራዘማል። አሳማ በአፍንጫው መሬት እየቆፈረ ሣሩን እንዳይገለብጥ አፍንጫው ላይ የብረት ቀለበት ይደረግለታል። ከብልሃቶች ሁሉ ይህኛው ልዩ ትኩረት ይገባዋል፤ ለአንዱ መርዝ የሆነውን ለሌላው ቀለብ በማድረግ፣ በሺዎች በሚቆጠሩ ዛፎች ሥር ሰው በመጥረጊያ ሊሠራው የማይችለውን ሥራ ያለ ወጪ ያሠራል። ይሁንና አሳማ ሁሉንም አይጨርስም፤ ስለዚህ ፍሬ የለመደ ፈረስ ያለው ባለመብት ወቅቱ እስኪያልፍ ፈረሱን ወደ ቤት መውሰዱ ግድ ነው።

አሳማ የማይፈታው አደጋ የሲካሞር ነው። እዚህ ላይ ሲካሞር የሚባለው ሜፕል ከሚባሉት ዛፎች ወገን የሆነው የአውሮፓ ዛፍ እንጂ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚታወቀው ሾላ አይደለም። በአውሮፓ ልዩ ልዩ አገሮች በመስክ ላይ ያሉ ፈረሶች በመጸውና በጸደይ በድንገት እየደከሙ፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ሽንታቸው እንደ ቡና እየጠቆረ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይሞቱ ነበር፤ ምክንያቱም ለብዙ ዘመን ምሥጢር ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በአውሮፓ የታተሙ ጥናቶች መንሥኤው በአንዳንድ የሜፕል ዛፎች ዘር ውስጥ የሚገኘው ሃይፖግላይሲን ኤ መሆኑን አሳዩ። ይህ ንጥረ ነገር ቀድሞ የሚታወቀው አኪ በተባለው የምዕራብ አፍሪካና የጃማይካ ፍሬ ሲሆን፣ ፍሬው ሳይበስል የበላውን ሰው ክፉኛ ያሳምማል። በፈረሱ አካል ውስጥ ሃይፖግላይሲን ተለውጦ ጡንቻ ስብን አቃጥሎ ኃይል የሚያገኝበትን ሂደት ይዘጋል፤ ፈረሱን አቁመው የሚይዙት፣ የሚያስተነፍሱትና የልብ ጡንቻዎች ግን ያለማቋረጥ የሚሠሩት በዋነኛነት በዚህ ኃይል ነው። ጡንቻው ሲፈርስ የሚለቀው ቀለም ከደም ወደ ኩላሊት ስለሚያልፍ ሽንቱ ይጠቁራል። ከሚታመሙት ፈረሶች አብዛኞቹ አይድኑም።

ይህ አደጋ ይበልጥ የሚያሠጋው የኦክና የቢች ዛፎች በበዙበት ሰፊ ደን ሳይሆን ዳር ዳሩ ዛፍ በተተከለበት ትንሽ የግል መስክ ነው፤ የዚህም ምክንያቱ ከዘሩ ቅርጽ ጋር የተያያዘ ነው። የሲካሞር ዘር ሁለት ክንፍ ስላለው እየተሽከረከረ ከነፋስ ጋር ይሄዳል፤ ዛፉ በጎረቤት ግቢ ቢሆንም ዘሩ አጥር ተሻግሮ ይወርዳል። በጸደይ ደግሞ ዘሩ በቅሎ ሁለት ረጃጅም ቅጠሎች ያሉት ቡቃያ ያወጣል፤ ቡቃያውም እንደ ዘሩ መርዛማ ነው፣ ቢታጨድም ወዲያው አደገኛነቱን አያጣም፣ በድርቆሽ ውስጥም ይቀራል። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሞች የሚመክሩት የተጠቃውን የመስክ ክፍል በኤሌክትሪክ አጥር መለየት፣ ዘሩን መጥረግ፣ ቡቃያውን ከሥሩ መንቀል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፈረሱ በርሃብ ምክንያት መሬት እየለቀመ እንዳይውል በቂ ድርቆሽ መስጠት ነው። ድርቆሹ በመሬት ላይ ሳይሆን በመመገቢያ ውስጥ፣ ውኃውም ከዛፍ ሥር ካለ ኩሬ ሳይሆን ከገንዳ መሆን አለበት። በእንግሊዝ የተለመደው መመሪያ ለአንድ ፈረስ ከ0.4 እስከ 0.6 ሄክታር ግጦሽ እንዲኖር ነው፤ ከዚህ ባነሰ መሬት ላይ የታጨቁ ፈረሶች ሣሩን ከጨረሱ በኋላ ባይራቡ የማይነኩትን ሁሉ ይሞክራሉ፣ የዛፉንም ልጥ ይልጣሉ።

ሌሎቹ መርዛማ ዕፅዋት በአጭሩ ሊታለፉ ይችላሉ። ዩ የተባለው የማይረግፍ ዛፍ ልብን የሚያቆም መርዝ ስላለው ጥቂት ጉርሻ እንኳ ለሞት ይበቃል፤ ደርቆም መርዝነቱን አይለቅም። በእንግሊዝ ይህ ዛፍ በብዛት የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ነው፤ በኒው ፎረስት ብሮክንኸርስት መንደር ባለው ቤተ ክርስቲያን አጠገብም እጅግ ያረጀ ዩ ቆሞ ይታያል። የቼሪ ወገን የሆኑ ዛፎች ቅጠል ሲጠወልግ ሳያናይድ ያወጣል፤ በመሆኑም ከዐውሎ ነፋስ በኋላ የወደቀ ቅርንጫፍ በዚያው ቀን መነሣት ይኖርበታል።

ደኑ የሚመግበውም አለ። በክረምቱ ብርድ ሣር ሲጠፋ የኒው ፎረስት ፈረሶች ጎርስ የተባለውን ቢጫ አበባ ያለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ይበላሉ፤ አንዳንዶቹ እሾሁን ለማድቀቅ በሰኮናቸው ይረግጡታል። ሆሊ የሚባለውንም ዛፍ ቅጠል ስለሚወዱ ቅርንጫፉ እየተቆረጠ ይጣልላቸዋል። በበጋ ሙቀት ደግሞ በመንጋ ሆነው በታወቁ ስፍራዎች ተጠጋግተው፣ አንዱ በሌላው ፊት ላይ ጭራውን እያወናጨፈ ዝንብ ሲከላከሉ ይውላሉ። የደን ዝንብ የምትባለው ደም መጣጭ ዝንብ በጭራቸው ሥር በብዛት ብትሰፍርም ብዙም አታስጨንቃቸውም፤ ከውጭ የመጣ ፈረስ ግን አንዷ ብታርፍበት እንደ እብድ ሊዘል ይችላል፤ ጋላቢውም ይህን ካላወቀ ከኮርቻው ይወድቃል።

ከዕፅዋቱ ይልቅ መኪና ለፈረሱ የማያቋርጥ ሥጋት ሆኗል። መንገዶቹ አብዛኞቹ አጥር ስለሌላቸው በሰዓት 40 ማይል፣ ማለትም 64 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የፍጥነት ወሰን ተደርጎባቸዋል፤ ያም ሆኖ በየዓመቱ በአስሮች የሚቆጠሩ እንስሳት ተገጭተው ይሞታሉ፣ በተለይም ጨለማ በሚፈጥንበት ወቅት። ፈረሶቹ በብርድ ቀን መንገድ ዳር መቆምን ስለሚመርጡ፣ አሽከርካሪዎችም መንገዱን ስለለመዱት፣ አንጸባራቂው ማሰሪያ ብቻውን አላዳናቸውም።

ባዝራ ውርንጭላዋን የምታሳድገው ራሷ ባደገችበት ክልል ውስጥ ሲሆን፣ ውርንጭላውም ረግረጉ የት እንደሆነ፣ ውኃ የት እንዳለ፣ ነፋስ የማይደርስበት ስፍራ የትኛው እንደሆነ ከእርሷ እየተከተለ ይማራል። በዚያ ክልል ያላደገ ፈረስ ከሌላ ቦታ መጥቶ ቢለቀቅ ይህ ዕውቀት ስለሌለው የመጀመሪያው ዓመት ያስቸግረዋል። ተቃራኒውም ችግር አለ፤ የደኑ ፈረሶች በሚሸጡበት በቢዩሊ ሮድ ገበያ ተሸጦ ወደ ሌላ አካባቢ የሚሄደው ፈረስ በደካማ ግጦሽ ላይ ያደገ በመሆኑ፣ አዲሱ ባለቤት ለምለም መስክ ላይ ቢለቀው በፍጥነት ይወፍርና ላሚናይተስ የሚባለው፣ ሰኮናን ከውስጡ አጥንት ጋር ያያዘው ሥጋ የሚቆጣበት በሽታ ሊይዘው ይችላል። ገዢው ስለዚህ ፈረሱን በጸደይ ለጋ ሣር ላይ እንደ ልቡ ከመልቀቅ ይልቅ ግጦሹን በአጥር እየከፋፈለ በጥቂቱ ሊሰጠው፣ የጎደለውንም በደረቅ ድርቆሽ ሊሞላለት ይገባል።