ደወል ሲሰማ ጆሮውን ስለሚይዝ ልጅ

አንድ ተማሪ የትምህርት ቤቱ ደወል በተደወለ ቁጥር ሁለት ጆሮዎቹን ይዞ ከጠረጴዛው ሥር ይገባል እንበል። የደንብ ልብሱ ስፌት አንገቱን ይኮሰኩሰዋል፤ ዝናብ የቆርቆሮውን ጣራ ሲመታ ትምህርቱን ትቶ ያለቅሳል። መምህሩ «አመለኛ ነው» ይላል፤ ጎረቤት «ሞልቃቃ ነው፤ ቁንጥጫ ያንሰዋል» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ቡዳ በልቶት ይሆናል» ብሎ ይጠረጥራል። እኛም ለሕክምና ትምህርት ወደ ውጭ አገር ከመሄዳችን በፊት እንዲህ ያለውን ልጅ ስናይ ከዚህ የተሻለ አሳብ አልነበረንም። ይሁን እንጂ ልጁ አላጠፋም። ምክንያቱንም ከዚህ ቀጥለን ለመምህራንና ለወላጆች ለመግለጽ እንወዳለን።

አምስቱ የስሜት ሕዋሳት ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። ከነዚህም ሌላ ሁለት አሉ፤ አንደኛው በውስጠኛው ጆሮ የሚገኘው የሚዛን ስሜት ነው፤ ሁለተኛውም ዓይናችንን ጨፍነን ሳለን እንኳ እጅና እግራችን የት እንዳሉ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚነግረን ነው። የሁሉም መልእክት ወደ አንጎል ይደርሳል፤ አንጎልም የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው ይለያል። የለበስነው ሸሚዝ ቀኑን ሙሉ ገላችንን ሲነካ የማይታወቀን አንጎላችን ያንን መልእክት ችላ ስለሚለው ነው።

በአንዳንድ ሕፃናት ዘንድ ግን ይህ ማጣራት እንደሚገባው አይከናወንም። ለአንዱ መልእክቱ እጅግ በርትቶ ይደርሰዋል፤ ለእኛ ተራ የሆነው ድምፅ ለእርሱ ሥቃይ ነው። ለሌላው ደግሞ ደክሞ ይደርሰዋል፤ ስለዚህ ሲጠሩት ያልሰማ ይመስላል፤ ወይም ስሜት ፍለጋ ያለ ዕረፍት ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ጓደኞቹን ይገፋል። ሁለቱም በአንድ ልጅ ላይ ሊታዩ ይችላሉ።

ይህን ጉዳይ በሰፊው ካጠኑት አንዷ አሜሪካዊቱ ጂን ኤርስ ሲሆኑ፣ መጽሐፋቸውን በ1972 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም ከኦቲዝም ምልክቶች መካከል ቆጥሮታል፤ ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ ግን አልመዘገበውም። ስለዚህ ይህ ጠባይ የታየበት ልጅ ሁሉ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም።

ቅጣት ልጁን ድምፅ መቻል አያስተምረውም፤ በሥቃዩ ላይ ፍርሃት ይጨምርበታል እንጂ። የሚጠቅመው የሚከተለው ነው።

1ኛ/ አስቀድሞ ጆሮውንና ዓይኑን በሐኪም ማስመርመር፤
2ኛ/ ከደወሉና ከመንገዱ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ፤ ደወሉ ሊደወል ሲልም ቀስ ብሎ መንገር፤
3ኛ/ ከደንብ ልብሱ ሥር ለስላሳ ካናቴራ ማልበስ፤
4ኛ/ መንቀሳቀስ ለሚሻው ሰሌዳ ማጥፋትን፣ ደብተር ማደልን የመሰለ ሥራ መስጠት።

ከሁሉም የሚከብደው ለሌሎች ማስረዳት ነው። ልጁ የአክስቱን ጉርሻ አልቀበልም ሲል ወይም ሽማግሌ ሊስሙት ሲሉ ሲሸሽ ወላጆቹ በሰው ፊት ያፍራሉ፤ ዘመድም ይቀየማል። እንግዲህ አስቀድሞ በአጭር ቃል «ልጃችን ንክኪ ከእኛ ይልቅ ይበረታበታል፤ ንቀት አይደለም፤ እጅ ነሥቶ ሰላም ይበላችሁ» ማለት ይበቃል። መምህርም ለክፍሉ ልጆች «አንዱ በርበሬ ይችላል፣ ሌላው አንድ ጊዜ ቢቀምስ ዓይኑ እንባ ያቀራል፤ የድምፅም ነገር እንደዚሁ ነው» ቢላቸው በቶሎ ይገባቸዋል፤ በጓደኛቸውም መሣቅ ይተዋሉ።

ችግሩ ልጁን ከምግብ፣ ከእንቅልፍ ወይም ከትምህርት የሚያግደው ከሆነ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ። እስከዚያው ግን ጆሮውን የያዘውን ልጅ እጁን በግድ ከማስለቀቃችን በፊት ምን እንደሚያውከው እንድንጠይቀው መምህራንንና ወላጆችን አጥብቀን እናሳስባለን።