ፊደል የቆጠረ ሁሉ አንባቢ ነውን?

በላስታ ተራሮች መካከል የሚኖር ገበሬ ልጁን ትምህርት ቤት ሲያስገባ የሚመኘው ነገር ብዙ አይደለም። የመሬት ይዞታ ደብተሩን የሚያነብለት፣ ከቀበሌ የመጣው ወረቀት ምን እንደሚል የሚነግረው፣ በሩቅ አገር ለሚኖር ዘመድ መልእክት የሚጽፍለት ሰው ከቤቱ እንዲገኝ ነው። ታዲያ ልጁ አራተኛ ክፍል ደርሶ ያንኑ ወረቀት ሲሰጡት ዝም ብሎ ቢያቀረቅር አባትየው ምን ይላል? «ከበጎቹ ጋር ቢውል ይሻለኝ ነበር» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ነገሩ በግምት የሚነገር አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በስድስት ቋንቋዎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች ንባብ ተመርምሮ ነበር። መርማሪው ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው ይቀመጥና በመጀመሪያ ተራቸው የተዘበራረቀ ፊደላትን፣ ቀጥሎ ቃላትን፣ በመጨረሻም አንድ አጭር ታሪክ ያስነብበዋል። በዚያ ምርመራ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከመቶው 34ቱ ከታሪኩ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ስማቸው በመዝገብ የተጻፈ፣ በየቀኑም «ተገኝቷል» የሚባልላቸው ተማሪዎች ነበሩ።

እንግዲህ ጉድለቱ ከወዴት ነው? ስልሳ ልጅ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ፊደል ሲቆጠር የሰማ ሰው መልሱን ሊደርስበት ይችላል። አስተማሪው በዱላ ያመለክታል፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ ያዜማል። ዜማው ያማረ ነው። በኋለኛው ወንበር የተቀመጠውም ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ያዜማል፤ ዓይኑ ግን በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከታል። ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት ከነሰባት ሰባት ድምፃቸው፣ ማለትም 231ዱን ሁሉ ሳያቋርጥ ይወጣቸዋል። ከመካከል አንዷን «ይህች ማን ናት?» ብትሉት ግን ከ«ሀ» ጀምሮ ካልቆጠረ አይደርስባትም። ጆሮው ተማረ እንጂ ዓይኑ አልተማረም ማለት ነው።

የሚያስገርመው በዚሁ በላስታ አገር የቆየው የቤተ ክህነት ትምህርት ይህን በሽታ ከነመድኃኒቱ ዐውቆት መኖሩ ነው። ልጁ «ሀሁ»ን በተራ ከዘለቀ በኋላ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል። አቡጊዳ ምንድን ነው? «አ» ከግዕዝ፣ «ቡ» ከካዕብ፣ «ጊ» ከሣልስ፣ «ዳ» ከራብዕ፣ «ሄ» ከኃምስ፣ «ው» ከሳድስ፣ «ዞ» ከሳብዕ ተወስደው የተደረደሩበት ነው። ተራው ሆን ተብሎ ፈርሷልና ልጁ በዜማ ብቻ ሊያመልጥ አይችልም፤ ፊደሉን በመልኩ መለየት ይኖርበታል። በእጁም ስንደዶ ይዞ እያንዳንዷን ፊደል እየነካ ለየኔታ ወይም ቀድሞት ለሄደ ተማሪ ያሳያል። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ወንጌልና ዳዊት ይከተላሉ። ያላወቀ ልጅ ባለበት ይቆያል፤ ያወቀ ያልፋል።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከአሮጌው ተማሪ ቤት ዜማውን ወርሶ ስንደዶውን ረሳ ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ይህን ስል ግን ወደ ጥንቱ እንመለስ ማለቴ አይደለም። በዚያ ሥርዓት ልጁ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር እየደገመ የግዕዙን ትርጉም ሳያውቅ ይቀር ነበር። ጽሕፈትም ለብቻው ሙያ ነበር፤ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ብርዕ ቀርጾ የሚኖረው ቁም ጸሐፊ ነው እንጂ አንባቢ ሁሉ ጸሐፊ አልነበረም። ንባብን ከትርጉምና ከጽሕፈት ጋር ማዋሐድ የዘመናዊው ትምህርት ቤት ድርሻ ነው።

ትርጉም ለንባብ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለማየት ሩቅ መሄድ የለብንም። ላሊበላ በታኅሣሥ መጨረሻ በምእመናን የምትጥለቀለቅበትን በዓል እናስብና «ገና ገና አልደረሰም» ብለን እንጻፍ። ሁለቱ ቃላት በጽሕፈት አንድ ናቸው፤ የፊተኛው ጠብቆ በዓሉ ነው፤ የኋለኛው ላልቶ ጊዜ ነው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አይጽፍም። ስለዚህ የሚያነበውን ያልተረዳ ልጅ ድምፁን እንኳ በትክክል ሊያወጣው አይችልም። ልጁ አንድ አንቀጽ አንብቦ ሲጨርስ «ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ እንግዲህ የንባቡ ግማሽ ነው።

ጽሕፈትም እንዲሁ ነው። ከጥቁር ሰሌዳ መገልበጥ እጅን ያለማምዳል፤ ነገር ግን ብዙ ልጅ ማንበብ የማይችለውን አሳምሮ ይገለብጣል፤ ደብተሩን ያየ አባትም ይታለላል። «ትናንት ገብሱን አጨድን» ብሎ ከራሱ ኑሮ አንዲት ዓረፍተ ነገር የጻፈ ልጅ፣ ግድፈት ቢኖርባትም፣ አሥር ገጽ ከገለበጠው ይበልጣል።

ዛሬ ደግሞ ጉዳዩ ከወትሮው የከበደ ሆኗል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ላሊበላን ከእጅ ወደ እጅ አመላለሳት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የተነሣው ግጭትም ብዙ ልጆችን ከትምህርት አራቀ። በዚህ ሁሉ መካከል ያደገ ልጅ ወደ ክፍል ሲመለስ ዕድሜው የአምስተኛ፣ ንባቡ የአንደኛ ክፍል ቢሆን አያስደንቅም። የአምስተኛ ክፍል መጽሐፍ ማስጨበጥ ብቻውን ምን ይጠቅመዋል?

በሕንድ አገር ፕራታም የተባለው ድርጅት ልጆችን በዕድሜና በክፍል ሳይሆን በንባብ ችሎታቸው እየለየ፣ በቀን ለተወሰነ ሰዓት በየደረጃቸው የሚማሩበትን መንገድ አስፋፍቶ ጥሩ ውጤት አግኝቶበታል። ፊደል ያልለየው ከፊደል፣ ቃል የሚያነበው ከቃል ይጀምራል። የኔታም ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነውና ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህን ለማድረግ ወጪው ከባድ አይደለም። በክረምት ወደ አገሩ የሚመለስ ተማሪ ከታናሽ ወንድሙ ወይም ከጎረቤት ልጅ ጋር በቀን ሩብ ሰዓት ይቀመጥ፤ መጽሐፉን ከመካከል ይክፈት፤ ፊደሏን ያለተራዋ ያመልክት፤ «ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቅ፤ አንዲት ዓረፍተ ነገርም ያስጽፍ።

ለትምህርት ጉብኝት የሚወጣ ወጣት ሹምም ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሲያዜም ሰምቶ ደስ ብሎት አይመለስ። የተመዘገቡትን ቁጥር ከመጻፉ በፊት ከኋለኛው ወንበር አንዲት ልጅ ጠርቶ ከጎኑ ያስቀምጣት፤ አንድ ገጽም ታንብብለት። ካነበበች መልካም ነው። ካላነበበች ግን በሪፖርቱ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ መጻፍ ያለበት ነገር እርሱ ነው።