ለገጠር ዘመድ ኮምፒዩተር ስለ መምረጥ

ሰው ለሚወደው ዘመዱ ስጦታ ሲያስብ አስቀድሞ የሚመርጠው ብዙ ጊዜ የገዛ ዓይኑን ደስ የሚያሰኘውን ነው፤ የተቀባዩን ቤት፥ ሥራና ዕድሜ የሚያስበው ግን ዘግይቶ ነው። ይህ ስሕተት በልብስ ወይም በጫማ ላይ ሲደርስ ጉዳቱ ቀላል ነው። በኮምፒዩተር ላይ ሲደርስ ግን የብዙ ወራት ቁጠባ ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። በቤተ ሰባችን ይኸው ደርሶብናልና፥ ሌሎች ቤተ ሰቦች የእኛን ኪሣራ ሳይደግሙ እንዲጠቀሙበት በማሰብ ነገሩን እንደ ሆነው እናቀርባለን።

አጎታችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፥ ከማንኩሳ ወደ ውስጥ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል በሚያስኬድ የገጠር አጥቢያ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን በመምህርነት አሳልፈው ጡረታ ከወጡ በኋላ የአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ሆነው ያገለግላሉ። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ካህናትና ምእመናን በሰበካ ጉባኤ በአንድነት የሚሠሩበትን ሥርዓት ከዘረጋ ወዲህ፥ በየአጥቢያው እንደርሳቸው ያሉ ጸሐፊዎች ብዙ ሥራ በጸጥታ ይሠራሉ። የአባላትን ስም ይመዘግባሉ፤ አስተዋጽኦ የከፈለውንና ያልከፈለውን ይለያሉ፤ ለወረዳው ቤተ ክህነት ደብዳቤ ይጽፋሉ።

አንድ ክረምት ከቆርቆሮው ክዳን የወረደ ውሃ የክርስትናውን መዝገብ አገኘው። ከዚያ በኋላ አንድ ወጣት የክርስትና ምስክር ወረቀት ለማውጣት ቢመጣ፥ ስሙ የሰፈረበት ገጽ ቀለሙ ፈሶ የማይነበብ ሆኖ ተገኘ። አጎታችንም በዚህ እጅግ አዝነው፥ «ልጆቼ፥ እኔ የምሻው ትልቅ ነገር አይደለም፤ የሰው ስም እንዳይጠፋ የምጽፍበትን መሣሪያ ብታገኙልኝ ይበቃኛል» አሉን።

እኛም ወንድማማችና እኅትማማች ተመካከርን። ቡሬ በበርበሬ ንግድ የምትተዳደረው እኅታችንም፥ አዲስ አበባ በደመወዝ የሚኖረው ወንድማችንም የአቅማቸውን አዋጡ። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አንድ ቀጭን፥ የሚያብረቀርቅ፥ ገና ከካርቶኑ ያልወጣ ላፕቶፕ ገዝተን በመንገደኛ እጅ ላክንላቸው። ካርቶኑን ሳንከፍት የላክነው ለክብራቸው ብለን ነበር።

አጎታችን ጎረቤት ሰብስበው ዕቃውን ቢከፍቱት፥ መኪናው ከሁሉ አስቀድሞ ኢንተርኔት ጠየቀ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። አንድ ገጽ ሳይጻፍበት ወራት አለፉ፤ እርሳቸውም አቧራ እንዳይነካው በነጠላ ጠቅልለው በሣጥን አስቀመጡት። በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ቢከፈት ሌላ ጉድለት ተገኘበት። የማከማቻው ክፍል 64 ጊጋ ባይት ብቻ ሲሆን ይህንኑ አብዛኛውን ራሱ ሥርዓቱ ይዞታል፤ ከሰሌዳው ጋር የተበየደ ስለ ሆነም በሌላ ሊለወጥ አይችልም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደ ተባለው፥ በኪሣራ ሸጥነው።

ሁለተኛውን ከመግዛታችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በወረቀት ጻፍን። ምን ይሠሩበታል? ኃይል ከየት ያገኛል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ስለ መልክና ስለ ስም ግን አልጠየቅንም።

ስለ ሥራው

በመጀመሪያ ኮምፒዩተር ያስፈልጋልን ብሎ መጠየቅ ይገባል። ዘመዳችን የሚፈልገው ከልጆቹ ጋር መነጋገርና ፎቶግራፍ ማየት ብቻ ከሆነ፥ ደኅና ስልክ ይበቃዋል። ደብዳቤ፥ መዝገብና የሒሳብ ሰንጠረዥ የሚያዘጋጅ ሰው ግን ሰፊ ስክሪንና እውነተኛ ኪቦርድ ያስፈልገዋል።

ይህ ሥራ ምን ያህል ጉልበት ይፈልጋል? ሒሳቡን እንሥራው። በኮምፒዩተር ውስጥ በተለመደው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። አንድ አጥቢያ 1,000 አባወራ ቢኖረውና ለእያንዳንዱ 200 ፊደል ቢጻፍለት፥ ጠቅላላው 600,000 ባይት ይሆናል። በዛሬ ስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ ከዚህ በላይ ይይዛል። እንግዲህ የአጥቢያው ሕዝብ ስም በሙሉ ከአንድ ፎቶግራፍ ያነሰ ቦታ የሚበቃው ከሆነ፥ ለአጎታችን ውድና ኃይለኛ መኪና መግዛት ለአንድ ቁና እህል ጎተራ እንደ መሥራት ነው።

ፊደላችንም ዛሬ እንደ ቀድሞው አያስቸግርም። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት የደከሙት ኢንጂነር አያና ብሩ የገጠማቸው ችግር የፊደላችን ብዛት ከመኪናው ቁልፎች በላይ መሆኑ ነበር። ኮምፒዩተር ከገባ በኋላም ለረጅም ጊዜ አንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የጻፈውን ሌላው አያነበውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ ከተመዘገበ ወዲህ ግን ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቋሚ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ቡሬ የተጻፈው አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር ይነበባል። ስለዚህ መዝገብ የሚጽፍ ሰው በዩኒኮድ መጻፉን ማረጋገጥ ይኖርበታል፤ አለዚያ የደከመበትን ከዓመታት በኋላ የሚያነብለት መኪና ሊያጣ ይችላል።

ለዚህ ዓይነት ሥራ 8 ጊጋ ባይት ራም፥ እንዲሁም 256 ጊጋ ባይት ኤስኤስዲ ያለው ላፕቶፕ ይበቃል፤ 128 ቢሆንም አይነቀፍም። ኤስኤስዲ የሚባለው ማከማቻ እንደ አሮጌው ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለውምና ፈጣን ነው፤ በመኪናና በበቅሎ ሲጓጓዝም ንቅናቄውን የተሻለ ይችላል። ለጽሑፍና ለሰንጠረዥ ሊብር ኦፊስ የሚባለው ፕሮግራም ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ከተጫነ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን አንዳንድ ጊዜ በዋጋው ርካሽነት ክሮምቡክ የሚባለውን ዓይነት ይልካሉ። ኢንተርኔት በማይቋረጥበት ከተማ መልካም ዕቃ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ሥራው በኢንተርኔት ላይ የቆመ ስለ ሆነ ለገጠር ጸሐፊ አንመርጠውም። ከውጭ የሚልክ ሰው በቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መጻፉንም ይመልከት፤ የአገራችን መስመር 220 ቮልት ነውና።

ስለ ኃይል

መብራት በሚቆራረጥበት አገር ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ ይመረጣል። ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 100 ዋት ያህል ሲፈልግ፥ ላፕቶፕ ለጽሑፍ ሥራ ከ15 እስከ 30 ዋት ይበቃዋል፤ መብራት ድንገት ሲጠፋም ባትሪው ሥራውን ያድናል። 50 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ20 ዋት ፍጆታ ሁለት ሰዓት ተኩል ያገለግላል።

መብራት ጨርሶ ባልገባበት ቀበሌ ሶላር ይታሰባል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ለአምፑልና ለስልክ የሚሆነው ትንሹ ሶላር ለላፕቶፕ አይሆንም። 10 ዋት የሆነ ሰሌዳ አራት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ 40 ዋት ሰዓት ብቻ ይሰጣል፤ ይህም አንዱን ባትሪ እንኳ አይሞላም። 100 ዋት የሆነው ግን በዚያው ፀሐይ 400 ዋት ሰዓት ያህል ያመነጫል፤ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶለት እንኳ ላፕቶፑንም መብራቱንም ይችላል። የጎጃም ክረምት ደመናማ ስለ ሆነ ከሐምሌ እስከ መስከረም ከዚህ ያነሰ እንደሚገኝ ማወቅ ነው።

ስለ ጥገናና ስለ ዋጋ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ አንድ የአሜሪካን ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ኮምፒዩተር የውጭ ዕቃ ነውና ሸክሙ ለገዢው ደርሷል። ስለዚህ ያገለገለ ላፕቶፕ መግዛት ነውር አይደለም፤ በመልካም ከተመረጠ ከርካሹ አዲስ ይሻላል። ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተሠሩት፥ ማለት የዴል ላቲቲዩድ፥ የኤች ፒ ኤሊትቡክና የሌኖቮ ቲንክፓድ ዓይነቶች ጠንካሮች ናቸው፤ አብዛኞቹም በብሎን ተከፍተው ማከማቻቸውና ባትሪያቸው ሊለወጥ ይችላል።

የዕድሜውን ነገር ግን ማየት ያስፈልጋል። ዊንዶውስ 10 የተለመደውን የጥበቃ እድሳት ማግኘቱ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በኩል በአብዛኛው የሚቀበለው በገበያ «8ኛ ጄኔሬሽን» ከሚባለው ወዲህ ያሉትን ነው። ከዚያ ያረጀ የተገኘ እንደ ሆነ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ያለ ክፍያ የሚገኝ ሥርዓት መጫን ይቻላል፤ አማርኛም ይጻፍበታል።

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ፊት ለፊት ሳይፈትን ገንዘብ አይቁጠር። ከቻርጀሩ ነቅሎ አንድ ሰዓት ያህል ያሠራው፤ የኪቦርዱን ቁልፎች አንድ በአንድ ይምታ፤ ክዳኑን ከፍቶ ይዝጋ፤ ፍላሽ በየቀዳዳው ይሰካ። አጥፍቶ ሲያስነሣውም በቀድሞው ባለቤት የምሥጢር ቁጥር የተቆለፈ አለመሆኑን ይመርምር። ከዚህ በኋላ መጫን ያለበት ሁሉ፥ የአማርኛው ኪቦርድም ጭምር፥ ኢንተርኔት ባለበት ከተማ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ከተሞከረ በኋላ ብቻ ወደ ገጠር ይላክ። የእኛ የመጀመሪያ ገንዘብ የጠፋው በዚህች ጉድለት ነው።

ሁለተኛውን በግንቦት 2016 ዓ.ም. የገዛነው በዚህ ሥርዓት ነው። ያገለገለ ስለ ነበረ ዋጋው ከፊተኛው አነሰ፤ በተረፈው ገንዘብ የሶላር ሰሌዳና ሁለት ፍላሽ ገዛን። አንዱ ፍላሽ በቤታቸው፥ ሁለተኛው በሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ሹም ቤት ይቀመጣል፤ ቤት ቢቃጠል ወይም ዕቃ ቢሰረቅ ሁለቱ አብረው እንዳይጠፉ ነው። ፍላሽ በየሱቁ ሲሰካ ቫይረስ ይዞ ስለሚመለስ፥ ለማተሚያ የሚወሰደው ሌላ ሦስተኛ ነው።

የወረቀቱም መዝገብ አልተጣለም። ብራና ለብዙ መቶ ዓመታት ጽሑፍ ጠብቆ አቆይቶልናል፤ ኮምፒዩተር ግን ዐሥር ዓመት ካገለገለ ተመስጋኝ ነው። ስለዚህ አጎታችን በዓመት አንድ ጊዜ ሁሉንም አሳትመው ያስጠርዛሉ።

ፊደሉን በኪቦርድ መልመድ ሳምንታት ፈጀባቸው። ያስተማረቻቸው አብራቸው የምትኖረው የልጅ ልጃቸው ናት፤ እርስዋም ራስዋ በማስተማር ተማረች። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ስለ ጀመረ፥ ማውስ ነክታ የማታውቅ የገጠር ልጅ ከጥያቄው በፊት ከመሣሪያው ጋር መታገል ይጠብቃታል። አንዱ ላፕቶፕ ለአያትና ለልጅ ልጅ ጠቀመ ማለት ነው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፥ ለወላጅ ወይም ለዘመድ ኮምፒዩተር ስትገዙ ከሱቁ በፊት ወደ ተቀባዩ ቤት በሐሳብ ሂዱ። በየትኛው ጠረጴዛ እንደሚቀመጥ፥ በየትኛው ሰዓት መብራት እንደሚኖር፥ ማን አጠገባቸው ተቀምጦ እንደሚያሳያቸው አስቡ። የተረፈውን ገንዘብ ለኃይል፥ ለፍላሽና ለማስተማሪያ ጊዜ አውሉት።

የዚያ ወጣት ነገር እንዴት ሆነ ለምትሉ፥ እናቱና የክርስትና አባቱ በሰበካ ጉባኤው ፊት ቀርበው ቀኑን መሰከሩለት። አጎታችንም በአዲሱ መዝገብ መጀመሪያ የጻፉት የእርሱን ስም ነው፤ ወረቀቱንም ቡሬ አሳትመው፥ በአጥቢያው ማኅተም አስመትተው ሰጡት።