በአዊ መንገድ የትኛው የአየር ፊልትሮ ይሻላል?

ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ ዋናውን አስፋልት ለቆ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገባ መኪና በበጋ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። በክረምት ጭቃ የነበረው ቀይ አፈር ታኅሣሥ ላይ ዱቄት ይሆናል፤ ከፊት አይሱዙ ካለ ደግሞ መንገዱ ጨርሶ አይታይም። ሹፌሩ መስኮቱን ይዘጋል፣ ተሳፋሪው በነጠላው አፍንጫውን ይሸፍናል። ሞተሩ ግን ያለ አየር አይሠራምና ፊቱ ያገኘውን ሁሉ ይስባል። ከአቧራው የሚጠብቀው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፦ የአየር ማጣሪያ፣ በጋራዥ ስሙ የአየር ፊልትሮ።

ባለመኪናዎች ፊልትሮ ሲቀይሩ አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። በየጊዜው የሚጣለው የወረቀት ፊልትሮ ይሻላል ወይስ እየታጠበ ለዓመታት የሚያገለግለውና «ጉልበት ይጨምራል» የሚባልለት የስፖርት ፊልትሮ? ለአዊ መንገድ ወረቀቱ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም እዚህ አገር የሞተር ጠላት አቧራ ነው።

ሞተር ምን ያህል አየር ይስባል?

4.3 ሊትር የሆነ የናፍታ ሞተር በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር በየደቂቃው ከ3,500 ሊትር በላይ አየር ይስባል። በሰዓት ሲታሰብ ከ200 ሜትር ኩብ ያልፋል። በአቧራ ውስጥ ያለው ሲሊካ ከአብዛኛው የሞተር ብረት የጠነከረ ማዕድን ነው። ይበልጥ የሚጎዳው ደግሞ በዓይን የሚታየው ትልቁ ቅንጣት ሳይሆን ከ10 እስከ 20 ማይክሮን የሚሆነው ደቃቁ ነው፤ የሰው ፀጉር እንኳ 70 ማይክሮን ገደማ ውፍረት አለው። ይህ ብናኝ በፒስተኑ ቀለበትና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ካለው ስስ የዘይት ሽፋን ገብቶ ሁለቱንም ይሞርዳል። ኮምፕሬሽን ይወርዳል፣ ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል፣ በመጨረሻም ወርዶ መታደስ ግድ ይሆንበታል።

ሁለቱ ፊልትሮዎች

የወረቀቱ ፊልትሮ ከቃጫ ተጨምቆ በሙጫ የጠነከረ ልዩ ወረቀት ነው። በጠባብ ቤቱ ውስጥ ሰፊ ገጽ እንዲኖረው ደጋግሞ ይታጠፋል። ሥራው እንደ ወንፊት በቀዳዳ መለየት ብቻ አይደለም፤ ከቀዳዳው ያነሰው ብናኝም በቃጫዎቹ መካከል ሲያልፍ ይጋጭና ተጣብቆ ይቀራል። በዚህም የተነሳ ጥቂት አቧራ የያዘ ወረቀት ከአዲሱ የተሻለ ያጣራል፤ የተጠራቀመው አቧራ ራሱ ማጣሪያ ይሆናልና።

የስፖርት ፊልትሮ በብዛት የሚሠራው ከሳሳ የጥጥ ጨርቅ ነው። ጨርቁ ተደራርቦ በሁለት የሽቦ መረብ መካከል ይገባል፣ ልዩ ዘይትም ይቀባል። ቀዳዳው ሰፋ ስለሚል አየር በቀላሉ ያልፋል፤ አቧራውን በመያዝ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ዘይቱ ነው። በዚህ ዘርፍ ስሙ የገነነው ኬ ኤንድ ኤን እ.ኤ.አ. በ1969 በካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ የተቋቋመ ሲሆን መነሻው የሞተር ሳይክል ዓለም ነው። አቧራን በዘይት መያዝ ለነባር መካኒኮቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። የድሮዎቹ ላንድሮቨሮች አየራቸውን የሚያጠሩት ዘይት በያዘ ጎድጓዳ ዕቃ ላይ እያሳለፉ ነበር።

ጉልበቱን የወሰደው ከፍታው ነው

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ዳንግላ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። በባሕር ዳርቻ 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እንጅባራ ላይ ወደ 75 ይወርዳል። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲሠራ የአየሩን ሩብ ያህል፣ ከአየሩም ጋር ጉልበቱን ያጣል ማለት ነው። መኪናው ዳገት እምቢ ያለው ባለቤት ብዙ ጊዜ ፊልትሮውን ይጠረጥራል። ነገር ግን ንጹሕ የወረቀት ፊልትሮ፣ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲስብ እንኳ፣ የሚያስቀረው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ኪሎ ፓስካል አይበልጥም። ከፍታው 26 ወስዷል። የጥጥ ፊልትሮ የሚመልሰው ከሦስቱም ከፊሉን ብቻ ነው። ከፍታ የወሰደውን ጉልበት የሚያካክሰው ተርቦ ነው።

የነዳጅ ቁጠባውም እንደዚሁ ነው። የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት፣ በኮምፒውተር በሚመሩ የቤንዚን መኪኖች ላይ የታፈነን ፊልትሮ በአዲስ መቀየር እንኳ የነዳጅ ፍጆታን ይህ ነው በሚባል መጠን አልቀነሰም። የተሻሻለው የመኪናው አነሳስ ነው። የታፈነውን መቀየር ይህን ያህል ብቻ ካመጣ፣ ንጹሑን ወረቀት በጥጥ በመለወጥ ነዳጅ ይቆጠባል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ትንሽ የምትመስለው ልዩነት

ፊልትሮዎች የሚፈተሹት አይሶ 5011 በተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ነው። ጥሩ የወረቀት ፊልትሮ ወደ እሱ ከተላከው አቧራ 99 በመቶውንና ከዚያም በላይ ይይዛል። አንድ የጥጥ ፊልትሮ 97 በመቶ ያዘ እንበል። ልዩነቱ ሁለት በመቶ ብቻ ይመስላል፤ ወደ ሞተሩ ባለፈው ሲሰላ ግን ሌላ ነው። ከ100 ግራም አቧራ ወረቀቱ 1 ግራም ሲያሳልፍ ጥጡ 3 ግራም አሳልፏል፤ ሦስት እጥፍ ነው። ዓመቱን ሙሉ በአስፋልት ለሚሄድ መኪና ይህ ብዙ ላያሳስብ ይችላል። አቧራ ለብሶ ለሚውል መኪና ግን የሞተሩን ዕድሜ ያሳጥራል።

የጥጡን ፊልትሮ መያዝም ሙያ ይጠይቃል። በራሱ ሳሙና ታጥቦ፣ በጥላ በደንብ ደርቆ፣ የራሱን ዘይት በልኩ መቀባት አለበት። ዘይቱ ካነሰ አቧራው ያልፋል፤ ከበዛ ደግሞ የአየር መጠን የሚለካውን ስስ ሽቦ ያቆሽሽና ሞተሩን ያዛባል። በአዊ ክረምት የታጠበ ነገር ቶሎ አይደርቅም። በልዩ ዘይቱ ፈንታ የሞተር ዘይት መቀባት ደግሞ አይገባም። ሳሙናውንና ዘይቱን የሚያገኝ፣ በዝርዝር የሚከታተል፣ በአስፋልት የሚመላለስ ሰው ቢጠቀምበት አይነቀፍም። ሌላው ሰው ግን ጥቅሙን ሳያገኝ ጉዳቱን ይሸከማል።

ወረቀቱን በወጉ መያዝ

ወረቀት መምረጥ ብቻውን አይበቃም። ብዙ ሹፌር ጎሚስታ ጋ ጎማ ሲያስነፋ «ወንድሜ፣ ይቺንም ንፋልኝ» ብሎ ፊልትሮውን ያቀብላል። ጎሚስታውም የኮምፕሬሰሩን አፍ ወረቀቱ ላይ ደቅኖ ይለቀዋል። አቧራው ቦን ሲል ሁለቱም ይደሰታሉ፤ ወረቀቱ ግን በዓይን በማይታይ ቀዳዳ ተበስቶ ሊሆን ይችላል። መንፋት ግድ ከሆነ ግፊቱ ዝቅ ብሎ፣ አፉ ራቅ ብሎ፣ ከንጹሕ ወደ ቆሻሻው ጎን ይሁን። ከመሬት ጋር ማጋጨትና በቤንዚን ማጠብ ፊልትሮውን ያበላሹታል።

ከነፉ በኋላ ጨለማ ቦታ ውስጥ አምፖል ከውስጥ አስገብቶ ማየት ይጠቅማል፤ የብርሃን ነጥብ ከታየ ፊልትሮው ይጣል። ዳር ዳሩን የከበበው ጎማ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ፣ የክዳኑ ክሊፕም ከላላ፣ አየሩ በወረቀቱ ሳያልፍ በጎን ይሾልካል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከፊልትሮው ቀጥሎ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቱቦ ውስጥ ጣት አስገብቶ መዳሰስ ነው። ጣት ላይ አቧራ ከተገኘ ማጣሪያው ሥራውን አልሠራም። ያለምክንያት በየቀኑ መክፈትም አይመከርም፤ በተከፈተ ቁጥር የተራገፈው አቧራ ወደ ቱቦው ይወድቃል።

ከፋግታ ለኮማና ከአካባቢው ከሰል ለሚጭኑ አይሱዙዎች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ከሰል ሲጫን ሞተሩ ይጥፋ። ጥቁሩ ብናኝ የወረቀቱን እጥፋት ቶሎ ይደፍነዋል፤ የታፈነ የናፍታ ሞተር ደግሞ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ዳገትም ያቅተዋል።

የአምራች መመሪያዎች የመቀየሪያ ጊዜ ሲያስቀምጡ ደህና መንገድን ታሳቢ አድርገው ነው፤ ለአቧራማ አካባቢ ከዚያ ቀድሞ መቀየርን ያዛሉ። በአዊ ከመስከረም በኋላ ዝናቡ ሲያበቃ አንድ ጊዜ፣ በአቧራው ወራት መካከል ደግሞ ሌላ ጊዜ ፊልትሮውን መመርመር ተገቢ ነው። ሲገዛም ወረቀቱ ሳስቶ፣ እጥፋቱ ተራርቆ፣ ዳሩ በቤቱ ውስጥ የሚላላ ፎርጅድ እንዳይሆን አሮጌውን ይዞ ሄዶ ማመሳከር ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በእጅ ያለው የነዳጅ ሞተር በቀላሉ የሚተካ አይደለም። ለስፖርት ፊልትሮ የተመደበው ገንዘብ ጥቂት ጥሩ የወረቀት ፊልትሮዎችን ይገዛል። በአዊ መንገድ ለሚሠራ ሞተር ከዚህ የተሻለ አወጣጥ አላውቅም።