በማረጥ ወቅት የሚሸሸግ የድብርት ሕመም

ማረጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚከሠት ተፈጥሯዊ ለውጥ እንጂ በሽታ አይደለም። ይሁን እንጂ የወር አበባ ከመቋረጡ በፊት ባሉት ዓመታት የኢስትሮጅን መጠን ከፍ ዝቅ ይላል፤ በዚህም ወቅት፣ በተለይ ቀደም ሲል የድብርት ሕመም በነበረባቸው ሴቶች፣ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። ታካሚዋ ግን ስለ ሐዘኗ ሳይሆን ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ልብ ምትና ስለ እንቅልፍ ማጣት ትናገራለች፤ ባለሙያውም «የዕድሜ ነው» ብሎ በማስታገሻ ሊሸኛት ይችላል። ስለሆነም የደም ማነስንና የታይሮይድ ሕመምን ከማጣራት ጋር፣ ከአጃቢዋ ለይቶ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የዘለቀ ሐዘን ወይም የፍላጎት ማጣት እንዳለባት፣ ሕይወቷን ለማጥፋት አስባም እንደሆነ በግልጽ መጠየቅ ይገባል። መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥርም። ሕመሙ ከተረጋገጠ የሥነ ልቦና ምክርና እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች ይረዳሉ፤ ራሷን ለመጉዳት የምታስብ ከሆነ ግን ብቻዋን ሳትተው በአስቸኳይ ወደ አእምሮ ሕክምና ልትላክ ይገባል።