ዱቦን ከጠፈር ለማየት፤ የሩቅ ማያ መነጽር አቅጣጫ እንዴት ይጠበቃል?

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዪቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት ዐይኗ ያተኰረው ወደ ከዋክብት ሳይሆን ወደ ገዛ ምድራችን ነበር። እንዲህ ያለው መሣሪያ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ሆኖ ሲመለከት በአንዲት ዲግሪ ቢዛነፍ ዒላማውን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይስታል፤ ይኸውም ዱቦን ፈልጎ ከአረካ ወዲያ ያለውን ያነሣል ማለት ነው።

ታዲያ መርገጫ በሌለበት ጠፈር በምን ኃይል ይዞራል? በውስጡ ያለው መንኰራኵር በሞተር ወደ ቀኝ ሲፈጥን አካሉ ወደ ግራ ይዞራል። አቅጣጫውን የሚነግሩት ደግሞ ጂሮስኮፕና ከዋክብትን የሚለይ ካሜራ ናቸው። ጂሮስኮፑ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ስሕተቱ እያደር ስለሚጠራቀም በከዋክብቱ ይታረማል።

ከሁሉ የሚከብደው፣ በእኔ አስተያየት፣ እየተጓዙ መቃኘት ነው። ሳተላይቱ በሰከንድ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ምድርን እየጠረገ ሲያልፍ ጥቂት ቢንቀጠቀጥ፣ የጓሮው እንሰትና ከማዶ ያለው በቆሎ በሥዕሉ ላይ ይደባለቃሉ። የወላይታ ማሳ ጠባብ ነውና የሰብሉን ስፋት ከሥዕሉ ለሚለካ ሰው ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

በ1990 እ.ኤ.አ. የመጠቀው ሀብል ዒላማውን ሲይዝ መዛነፉ ከ0.007 የቅስት ሰከንድ እንዳያልፍ ተደርጎ ተሠራ፤ ይህም በ300 ኪሎ ሜትር ርቀት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እስከ 2022 እ.ኤ.አ. በቦይንግ 747 አውሮፕላን ይበር የነበረው ሶፊያ ግን ከነፋስና ከሞተር ንዝረት ጋር ይታገል ነበር። ስለዚህ 17 ቶን የሚያህለው መነጽር በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ፣ አውሮፕላኑ ሲናወጥ እርሱ ኮከቡን እንደ ያዘ ይቈይ ነበር።